የአደራው ግማሽ

ፍልፈል ዘጠነኛውን ኪሎ ሜትር ስትጨርስ ትርንጎ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ተለወጠች፣ ግድግዳው እንደጠገበ ድመት አንዴ አንኮራፋ፣ በቃ። በላይዋ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የአፋር ድንጋይ ተጭኖ ትርንጎን ያናደዳት የጥርስ ሳሙናው ክዳን ነው። ሐንፈሬ ዛሬም ሳይከድነው ሄዷል።

ፍልፈል መርከብ ናት። ልዩነቷ በውኃ ፋንታ ድንጋይ ውስጥ መዋኘቷ ነው። ከፊቷ ያለውን ድንጋይ ታቀልጣለች፣ ትሾልካለች፣ ከኋላዋ መልሳ ታረጋዋለች። የምትይዘው ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ አራተኛ ቢጨመር አንዱ ቆሞ ማደር አለበት። ነጂው ሐንፈሬ የዚያው የአፋር ልጅ ነው፤ አያቶቹ በግመል ጨው ያመላለሱበትን ምድር እሱ ከሥሩ ይመላለስበታል። አለቃቸው ዶክተር ዋቅቶላ ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ሲያዩ ኖረው ፊታቸውም ወደዚያው ያደላ ሰው ናቸው። ከዚህ ጉዞ በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት በስማቸው የሚጠራ አንድም ግኝት የላቸውም፤ ይህን ግን ማንም ፊታቸው አያነሳም።

ትርንጎ ጀማሪ ናት። ይህን ጉዞ ያለ ነቀፋ ከጨረሰች የሙያ ማኅበሩ የጂኦሎጂስትነት ፈቃድ ይሰጣታል። ነቀፋ ከተገኘባት ግን ፈቃድ የለም፤ እናቷም «ሕግ ተማሪ ብዬሽ ነበር» ትላታለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሥራው ቀላል ነው፣ ለመናገር። ፍልፈል በየሃያ አንድ ሜትሩ ክንድ የሚያህል የድንጋይ ዘንግ ትቆርጣለች። መጋዙ ዘንጉን እንደ ዱባ ቁመቱን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። አንደኛው «የሥራ ግማሽ» ይባላል፤ ማሽን ውስጥ ገብቶ ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ ይለካል፣ ያልቅለታል። ሌላኛው «የአደራ ግማሽ» ነው። እሱ አይታጠብም፣ በእጅ አይነካም፤ ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ወደፊት የተሻለ መሣሪያ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ነው። ትርንጎ ሥራ በጀመረችበት ቀን ዶክተሩ ሣጥን ላይ እጇን አስጭነው፣ «የዚህ ድንጋይ ባለቤት ገና አልተወለደም፤ አልነካበትም» አስብለው አስምለዋታል።

እንግዲህ የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ አሽታች ተናገረች። አሽታች የታሸጉትን ሣጥኖች በየሦስተኛው ቀን እያሸተተች ሕያው ነገር የነካቸው መሆን አለመሆኑን የምትናገር መሣሪያ ናት። በአራት ወር ውስጥ «ምንም የለም» ከማለት ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም።

«ዘንግ አራት መቶ አሥራ ስምንት፣ የአደራ ግማሽ» አለች በዚያ እንቅልፋም ድምጿ። «የሕይወት ምልክት አለ። ሁለት ዓይነት ነው።»

ብሩሹ ቆመ።

ከፊት በኩል ሐንፈሬ ሲጮህ ተሰማ። «ዶክተር! ሰሙ? ሁለት! አንዱ ብቻውን እንዳይደብረው ጓደኛ ይዞ ነው የመጣው!»

ዶክተር ዋቅቶላ ከመኝታቸው ተነስተው መጡ። እዚህ ጥልቀት ላይ፣ ሥጋ በሚቀቅል ሙቀት ውስጥ፣ ሕይወት ያገኘ ሰው የለም። ሊዘሉ ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ጺማቸውን እያከኩ፣ «እስቲ ረጋ በሉ» ብቻ አሉ። «ሪፖርቱ የሚላከው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ገና ሦስት ሰዓት ነው።»

ትርንጎ አፏን ተጉመጠመጠች። የሕይወቱ ምልክት ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ቢያንስ የአንደኛው።

ከትናንት ወዲያ ነው። አራት መቶ አሥራ ስምንት ከመጋዙ ሲወጣ ጥቁሩ ድንጋይ መሐል ጸጉር የምታክል ነጭ መስመር አየች። የሥራው ግማሽ ወደ እጥበት ገብቷል። የደረቀ ድንጋይ ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ ቀለሙን የሚያወጣው ሲረጥብ ነው። ስለዚህ የሜዳ ጂኦሎጂስት ሁሉ፣ ከጥንት ጀምሮ፣ የሚያደርገውን አደረገች። ውኃው ሩቅ ነበር፤ ምላስ ቅርብ ነው። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ አንዴ ላሰችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ትታው ምሳ በላች፣ ተመልሳ አሸገችው። ረስታውም ነበር።

ልትናገር ነበር፤ ግን አሰበች። ሁለት ዓይነት ነው የተባለው። አንዱ እሷ ናት፣ እሺ። ሁለተኛውስ? እውነተኛ ቢሆንስ? «ልሼዋለሁ» ካለች እኮ ዘንጉ በሙሉ የተበከለ ተብሎ ይጣላል፤ የሽማግሌውም የመጨረሻ ዕድል አብሮ ይጣላል። ዝም ካለች ደግሞ አሽታች ስንት ዓይነት እንደሆነ እንጂ የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ይህን የሚለየው መሬት ላይ ያለው ቤተ ሙከራ ነው። ዓለም ሁሉ አጨብጭቦ ሲያበቃ፣ በሳምንቱ፣ «ግኝታችሁ የትርንጎ ምራቅ ነው» ይባላል።

እስከ አምስት ሰዓት ሦስቱም ሥራ የያዙ መሰሉ። ዶክተሩ አንዱን መነጽር አራቴ ጠረጉት። ሐንፈሬ ለሁለቱ ፍጥረታት ስም ያወጣ ነበር፤ አንዱን በአጎቱ፣ ሌላውን በአጎቱ ግመል። ከዚያ የሪፖርቱን ፎርም ከፍቶ መሐላቸው ተቀመጠ።

«ይኸውላችሁ» አለ። «አጎቴ የገባንበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ስወጣ ዳጉ ይጠይቀኛል።»

ትርንጎ ዳጉን ታውቃለች። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። አንዴ ውሸት ያቀበለ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሰሚ የለውም።

«አጎቴ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ ‹ማን አየ?› ብሎ ነው። ‹ማሽን ሸተተው› ብለው ይስቅብኛል። ስለዚህ ከሰው ልስማ። ትርንጎ፣ ያሸግሽው አንቺ ነሽ። ምን አየሽ?»

«ነጭ መስመር።»

«እሺ፣ ነጭ መስመር። ሌላስ?»

«ሌላ… ላስኩት።»

«ምኑን?»

«ድንጋዩን ነዋ! በምላሴ! ስንት ጊዜ ልበልህ?»

ሐንፈሬ ቀስ ብሎ ዞረ። «የአደራውን? አደራ በላ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ የላሰ ሲገጥመኝ ግን ገና ነው።»

ትርንጎ አልሳቀችም። የጀማሪ ባጇን ከደረቷ ፈትታ ዶክተሩ ፊት አኖረችው። «አንደኛው እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ሁለተኛውን ግን አላውቀውም። እውነተኛ ይሆናል ብዬ፣ እንዳላበላሽብዎ ነው ዝም ያልኩት። ይቅርታ።»

ዶክተር ዋቅቶላ ባጇን አዩ። ጣሪያውን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በዚህ ጊዜ አልጠረጉትም።

«ሁለተኛው እኔ ነኝ» አሉ።

ሐንፈሬ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ ምሳ ላይ ነበርሽ። እኔም መስመሯን አየኋት» አሉ ወለሉን እያዩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው፣ ልጄ። ዓይን ይደክማል፣ ጉልበት ይከዳል፤ ምላስ ግን አያረጅም። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ ‹አንዱ የኔ ነው፤ ሌላውን እውነት አድርገው› እያልኩ ስጸልይ ነበር።»

«እኔም!» አለች ትርንጎ። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ፣ እኔ ከላስኩት በኋላ ነው የላሱት?»

«እሱን ሪፖርት ላይ አናስገባውም።»

ሐንፈሬ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ዶክተሩ ግን ባጇን በጣታቸው ወደ እሷ እየገፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ምን አለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«እ?»

«ጣዕሙ።»

«ጨው ጨው። የእጄ ላብ መሰለኝ።»

«እኔም የእጄ ላብ መስሎኝ…»

ሐንፈሬ መሳቁን አቆመ። የጨው ነጋዴ የልጅ ልጅ ነው፤ በጨው አይቀልድም። «ሁለት ሰው አንድ ጣዕም ካገኘ ላብ አይደለም» አለ። መዝገቡን ከፈተ። ከዘንግ አንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ በጨው መደብ ሥር፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ትርንጎ መዝገቡን አየች። ከዚያ አንገቷ ቀስ ብሎ ወደ እጥበት ማሽኑ ዞረ። «ዶክተር፣ የሥራውን ግማሽ ከመለካታችን በፊት ምን እናደርገዋለን?»

«እና… እናጥበዋለን» አሉ።

አራት ወር ሙሉ ጨውን በንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ቱቦ ሲያፈሱ፣ ከዚያም በጥንቃቄና በፊርማ «ጨው የለም» እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል።

የአደራ ሣጥን በሁለት ጂኦሎጂስት ፊርማ ይከፈታል። ዶክተሩ ፈረሙ፤ እስክሪብቶውን ለትርንጎ ሰጧት። «ፈቃድ የለኝም እኮ» ስትል፣ «ምላስ አለሽ፤ ፈርሚ» አሏት። ከነጯ መስመር የመርፌ ጫፍ የሚያህል ወሰዱ፤ ሳያጥቡ ለኩ።

«ጨው» አለ መለኪያው። «ከቀይ ባሕር ውኃ ጨው ጋር ይመሳሰላል።»

አፋር አንድ ቀን ባሕር እንደሚሆን ትርንጎ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ተምራለች፤ መጽሐፉ ግን «ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ» ይል ነበር። ባሕሩ መጽሐፍ አላነበበም። በታች በኩል፣ ጸጉር በምታክል ስንጥቅ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ገብቷል።

ሐንፈሬ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «መርከብ እነዳለሁ ስል መንደሩ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር» አለ። «አሁን ምን ሊሉ ነው?»

«ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል» አለች አሽታች። «ሪፖርቱ ላይ ሕይወት፦ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም?»

ፎርሙ ላይ ያለው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው። ሐንፈሬ «አልተገኘም» የሚለውን ሊነካ ሲል ትርንጎ እጁን ያዘችው። «ዳጉ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ አይደለም?» አለችው። «ተገኝቷል» የሚለውን ነካችና ከሥሩ ጻፈች፦ «ሁለት ሰዎች ናቸው። ይቅርታ ይጠይቃሉ። ጨው ግን አለ፤ ባሕር ነው።» «የተጠቀማችሁበት መሣሪያ» የሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አሰበችና «ምላስ» ብላ ሞላችው።

ዶክተሩም የእሷን የነቀፋ ገጽ ሞሉ። ምንም አልደበቁም፦ «አደራ ልሳለች። ምስክር፦ አብሮ የላሰ።» ፈቃዱን ማኅበሩ ይስጣት ይከልክላት፣ መልሱ ነገ ይመጣል። ትርንጎ እናቷን እንዴት እንደምትነግራት ማሰብ ጀመረች፤ የሚገርመው ግን እንደ ድሮው አላስፈራትም።

ዘንጉን ወደ ሣጥኑ ስትመልሰው የረጠበው ቦታ እንኳ አይለይም። ማጠብ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ምራቃቸው እዚያው ከባሕሩ ጋር ይቀመጣል።

«ከሺህ ዓመት በኋላ ይህን የሚከፍተው ሰው መሣሪያው ሁሉን ያውቃል አይደል?» አለች። «ቁርስ ምን እንደበላሁ ሁሉ?»

«ያውቃል።»

«ታዲያ እንዲያ ያለ መሣሪያ ካለው አይልሰውም ማለት ነው።»

 ዶክተር ዋቅቶላ ክዳኑን ሲገጥሙ ግን ነጯ መስመር ወደ ላይ እንድትሆን፣ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ እንድትገባ፣ ዘንጉን በጓንታቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ትርንጎ አየቻቸውና ሳቀች።

የዘንጉ ባለቤት ገና አልተወለደም። ሲወለድ ግን ምላስ ይኖረዋል።