የተስማሙበት ቅብ

የበር እጀታ ፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ቀኑን ሙሉ ከአቅራቢዎች ጋር ስትከራከር ውላ ዐይኗ ዝሏል። የመጨረሻው ባለተራ ገባ፤ ለእጀታዎቹ ወርቃማ ቅብ የሚሠራው ወርክሾፕ ባለቤት ልጅ ነው። ናሙናዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«ይሄ በጣም ያብለጨልጫል፤ ያኛው ደግሞ ደብዝዟል» አለችው።

«ታዲያ የቱን ልሥራልሽ?»

«በሩን የሚከፍተውን ሰው ዐይን የማይወጋውን።»

ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች። እናቷ አልጋ ከያዙ ወዲህ ሳቅ ርቋት ነበር።

ለሳምንታት ተገናኙ። የቅቡ ውፍረት ስንት ይሁን፣ በክንድ ርቀት የማይታይ ጭረት ይለፍ ወይስ ይመለስ እያሉ ተጨቃጨቁ። ተስማምተው ሲፈርሙ ሁለቱም ቅር አላቸው፤ ከእንግዲህ መገናኛ ሰበብ የለም።

«ሻይ እንጠጣ?» አላት በሩ ላይ። ሻዩ ልማድ ሆነ።

የመጀመሪያው ሙሉ ጭነት ሲመጣ ግን ቅቡ በጥፍር ተላጠ። አባትየው ትእዛዙ ይድረስልኝ ብለው፣ የብረቱ ዘይት በቅጡ ሳይታጠብ እጀታዎቹን የቅቡ ገንዳ ውስጥ አስነክረዋል። ደወለችለት።

«ጭነቱ ቢመለስ አባትህ ምን ይላሉ?»

«ይቆጣሉ። አንቺ ግን መልሺው። ለእኔ ብለሽ ካሳለፍሽው ነገ ዐይንሽን ማየት ያቅተኛል።»

መለሰችው። አባትየውም «እጄን ያዋረደች ልጅ ደጄን አትረግጥም» ብለው ማሉ።

እሷ እናቷን ስታስታምም፣ እሱ የተመለሰውን እየላጠ እንደገና ሲነክር ክረምቱ አለፈ። ሲደዋወሉ ድካማቸው ይቀድማቸዋል።

«ደከመሽ?»

«አዎ። አንተስ?»

«እኔም።»

ከዚያም ቀድሞ ስልኩን የሚዘጋ የለም።

አንድ ቀን አለቃዋ ዘንድ ገባች። «የእነሱን ሥራ ሌላ ሰው ይመርምረው። እኔ ልፈርድበት አልችልም፤ ልጁን እወደዋለሁ» አለቻቸው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። አባትየው በራፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትመልሺ መጣሽ?»

«ምንም፣ አባባ። ልጠይቅዎት ነው።»

ቀና ብለው ፊቷን አዩት። የቋጠሩት ግንባራቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

«ቁጭ በይ እንግዲህ፤ መቆሙ የባሰ ያደክምሻል» ብለው ጠጋ አሉላት። «እናትሽ ተሻላቸው?»

«ትንሽ ተሽሏታል። ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ ልጄ ነው እንጂ። ከአንቺ ሌላ ወሬ የለውም።»

ልጁ ጓንቱን እያወለቀ ሲወጣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያቸው። በቀረችው ጠባብ ቦታ ተጠጋግቶ ከአጠገቧ ተቀመጠ፤ እሷም ያን ጊዜ የዛለ ዐይኗን ለማሳረፍ ጨፈነች።