ነገሳ አለፈ

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ምላሴ በቡራዩ አስፋልት ላይ ይጎተት! የገበሬውን መሬት ለአዲስ አበባ የሚወስደው ማስተር ፕላን ባስነሳው ተቃውሞ የጎማ ጭስ ሰማዩን ለሰባት ወረዳ ባጠቆረበት ሰሞን፣ ኦቦ ነገሳ ከድንች ማሳው ዳር አረፋ ደፍቆ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ወድቋል። ሬሳው በተቀበረ ማግስት መርማሪው ተድላ መጣ፤ ዝንብ የት እንዳደረች አሽትቶ የሚያውቅ ጉድ!

መጀመሪያ የነገሳን ተፎካካሪ ዱርሲቱን በጥያቄ ያዛት።

«የመሬት ካሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ መርጣችኋል አሉ።»

«ገና ነው። ሕዝቡ የፈለገውን ይጠቁማል፤ ድርጅትህ ምንድን ነው የሚል የለም። ሁሉም አንድ ላይ ይወዳደራል፣ ያሻው ይመርጣል። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ለመጨረሻው ዙር ያልፋሉ። ነገሳና እኔ አልፈን እሑድ ልንገጥም ነበር።»

«ሁለታችሁም ያንድ ድርጅት አባል ናችሁ እኮ።»

«ብንሆንስ? ሕጉ ሁለት ሰው እንጂ ሁለት ድርጅት አይልም።»

«ካለፉት አንዱ ቢሞት?»

«ሦስተኛው ይገባል። ጃራ።»

ተድላ ወደ ሥጋ ሻጩ ጎበና ሄደ።

«ነገሳ የሞተ ለት ጃራን አይተኸዋል?»

«እንዴታ! ሬሳው ሳይገኝ ገና በጠዋቱ ‹ነገሳ አለፈ!› እያለ መጣ። እየሳቀ ቁርጥ በላ።»

ተድላ መንደሩን በሙሉ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበ።

«ዱርሲቱ ብትገድለው ምን ታተርፋለች? አንዱ ተፎካካሪ ሄዶ ሌላው ይተካል። የሚያተርፈው የተቆረጠው ሦስተኛው ብቻ ነው። ሬሳው ሳይገኝ መሞቱን ያወቀውም እሱ ነው!»

«ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ አለፈ ያልኩት...» ጃራ አልጨረሰም። የተድላ ፖሊሶች ቆመጥ የፊት ጥርሶቹን አራገፋቸው። ፒክአፕ ላይ እንደ ከረጢት ወርውረውት ሄዱ። ድንኳኑ ለተድላ አጨበጨበ።

የሟቹ ሚስት እማማ ተረፈች ከጥግ ሆና በቀስታ ተናገረች።

«አለፈ ያለውማ ምርጫውን ነው፣ ልጄ።»

«ምን አሉ እማማ?»

«የፊተኛው ሰብሳቢ እስር ቤት ሞተ። ከሱ በፊት የነበረውም እንደዚያው። ሕዝብ ጠቁሞህ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ጃራ የዚያን ለት በማለዳ ቤታችን መጥቶ ‹አንተ አለፍህ፣ እኔ ተረፍኩ› ብሎ አቅፎት አለቀሰ። ሲወጣ ነገሳ ጠርሙሱን በገዛ እጁ አነሳ። ሮጬ አልደረስኩበትም።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?»

«ራሱን ለገደለ ቄሶቹ አይፈቱለትም።» ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። «አሁን ተፈትቶለት ተቀብሯል።»