ልጆቹ ደርሰዋል

ጋሽ ፋኖስ በገዛ ቤተ ሙከራቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ማጅራታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቷል፤ የነጭ ጋዋናቸው ደረት ተጨማድዶ ሁለት ቁልፎቹ ተበጥሰዋል። ሰው በራሱ ሲወድቅ የደረቱን ቁልፍ አይበጥስም፤ ይህን ለማየት መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ኢንስፔክተሯን ያስደነገጣት ግን አስከሬኑ ሳይሆን ባዶው የጠርሙስ ማስቀመጫ ነበር።

«እህቴ፣ እዚህ ላይ ምን ነበር?» ብላ ላቦራንቷን ጠየቀች።

ላቦራንቷ አስረዳቻት። በዚህ የሆስፒታሉ ምድር ቤት የሚሠራው ኳንተም ዶት የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ሄዶ ካንሰሩ ላይ ይለጠፋል፤ ሐምራዊው መብራት ሲበራበት ደግሞ ይደምቃል፤ ቀዶ ሐኪሙም ዕጢው ከየት እስከ የት እንደሆነ ያያል። ጣጣው ሆዱ ውስጥ ነው። ውስጡ ካድሚየም የሚባል መርዘኛ ብረት ስላለበት በላዩ ሽፋን ካልተደረገለት ሰው ይገድላል። የጠፋው ጠርሙስ ገና ሽፋን አልተሠራለትም።

«የአንድ ሰው ክንድ ውስጥ ከገባ ሰውየው አለቀለት» አለች ላቦራንቷ።

ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ በላይ ባሉት ፎቆች ሁሉ ሰው ጉሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል። ሁሉንም ንቀሉ ብትል በዚያ ምክንያት የሚሞት አለ። በይፋ ብትናገር ደግሞ፣ ሌባው መርዝነቱን ፈልጎ የወሰደው እንደሆነ ይቸኩላል። ዋና ነርሷን አዲስ ጉሉኮስ እንዳይሰቀል በጆሮዋ አዘዘቻት። ፈርታለች፣ መፍራቷንም አልደበቀችም።

የምድር ቤቱ ቁልፍ ያላቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ላቦራንቷ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድምና የካንሰር ክፍሉ ዶክተር። ወንድምዬው የቤተ ሙከራው መሣሪያ ጠጋኝ ነው፤ ሁሉም «ወንድም ጋሼ» ይለዋል። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ያን ጠርሙስ በጓንት እንኳ ነክቶት እንደማያውቅ ነገራት።

«ፈሪ ለእናቱ ነው» አለ እንባውን እየጠረገ። «ወንድሜ ‹ልጆቼ› ነበር የሚላቸው። ማሞቂያው ላይ አድገው መጠናቸው ሲሞላ ‹ደረሱ› ይላል። ሽፋን ሲደረግላቸው ‹ለበሱ›። ራቁታቸውን ካሉ አጠገባቸው አልደርስም።»

ዶክተሩን ያገኘችው የሴቶች ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋ አልጋ ሲዞር ነው። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል፤ አሮጊቶቹም «ልጄ፣ ተባረክ» ይሉታል። መስኮቱ ሥር የተኙት ደግሞ «ልጄ፣ ምነው ዓይንህ ቀላ?» አሉት።

«ደህና ነኝ እማዬ፣ አይዞሽ» ብሎ የጉሉኮሱን መክፈቻ ነካ አደረገና ብርድ ልብሳቸውን አለበሳቸው።

ከኢንስፔክተሯ ጋር ሲነጋገር ረጋ ያለ ነበር። ሟቹን ካያቸው እንደሰነበተ፣ ትናንት ግን በስልክ እንደተገናኙ ነገራት። «‹ልጆቹ ደርሰዋል› አሉኝ፤ ደስ አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አመስግናው ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ጆሮዋ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ሲገባት ክው አለች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ክፍሉ ሮጠች።

ጥቂት ቆይታ ሦስቱንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ በፎጣ የተሸፈነ ነገር አስቀምጣለች።

«ጋሽ ፋኖስን የገፋው ሰው የመጣው ለጠርሙሱ ነው» አለች። «መርዝ ቢፈልግ ኖሮ የካድሚየሙ ዱቄት ያውና፣ መደርደሪያው ሙሉ ነው። አልነካውም። ስለዚህ የፈለገው መድኃኒት ነው። እህቴና ወንድም ጋሼ ያልለበሰ ነገር መድኃኒት እንዳልሆነ ያውቃሉ። የዚህን ቤት ቋንቋ የማያውቅ ሰው ግን፣ ምሳ ደረሰ ሲሉት እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ዶክተር፣ ‹ደርሰዋል› ነው ያሉዎት፣ አይደል?»

«ቢሉኝስ? ለማን ብዬ ነው የምሰርቀው?»

«ለእናትዎ።»

በዚያ ሆስፒታል ሐኪም የገዛ ዘመዱን ማከም አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ እናቱ መሆናቸውን ደብቆ አስተኝቷቸዋል።

«አሮጊት ሁሉ ‹ልጄ› ይልዎታል፤ እርስዎም ሁሉንም ‹እማማ፣ እንዴት አደሩ› ይላሉ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንዷን ብቻ ‹እማዬ፣ አይዞሽ› አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ አልካደም። የሰማም አይመስልም፤ ፊቱን ወደ ላቦራንቷ አዙሯል። «ያልለበሰ ማለት ምን ማለት ነው?»

ነገረችው። ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«‹ራቁታቸውን አልሰጥህም› አሉኝ» አለ። «የሚቀልዱብኝ መሰለኝ። ባለፈው ስትቀደድ የዕጢው ጠርዝ አልታይ ብሎ ተርፎባታል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሊቀዷት ነው። እናቴ እየሞተች ይቀልዳሉ ብዬ… ገፋኋቸው።» ከዚያም እንደ እብድ ወደ በሩ ሮጠ። «ከፍቼላታለሁ! ልቀቁኝ!»

ወንድም ጋሼ አንገቱን አንቆ ያዘው። ኢንስፔክተሯ መብራቱን አጥፍታ ሐምራዊውን አበራችና ፎጣውን ገለጠችው። ከአሮጊቷ አልጋ ነቅላ ያመጣችው ጉሉኮስ ነው። በቀን ብርሃን ውኃ ይመስል የነበረው አሁን ብርቱካንማ ሆኖ ደመቀ። ድምቀቱ በቱቦው ቁልቁል ወርዷል፤ ልሙጡን ጉሉኮስ ከፊቱ እየገፋ ወርዶ፣ ወርዶ…

«ደርሷል?» አለ ዶክተሩ።

ከመርፌው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል።

«አልደረሰም» አለችው።

ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ወንድም ጋሼ እጁን ከአንገቱ ላይ አንስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ኢንስፔክተሯ ወደ ላይ ወጣች። አሮጊቷ ነቅተው ይጠብቋት ነበር። ቅድም ጉሉኮሱን ስትነቅልባቸው «ልጄ ነው የሰቀለልኝ፤ ሲመጣ ይቆጣሻል» ብለዋት ነበር።

«ተቆጣሽ አይደል?» አሏት አሁን እየሳቁ።

«አልተቆጣም፣ እማማ» አለችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።