የፍቺዬ ግልባጭ

ሴት ልጅ ፍቅረኛዋን ሰርግ ቤት ታገኛለች፣ ገበያ ታገኛለች፣ ጎረቤት ታገኛለች ይባላል። እኔ ደሬሳን ያገኘሁት ጥይት በበሳሳው የጅጅጋ አውራጃ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ በጆንያ በታጨቀ የተቃጠለ ወረቀት መካከል ነው። የሄድኩት የፍቺ ፍርዴን ግልባጭ ልጠይቅ ነበር። ግራ ዓይኔ አብጦ ተከድኗል።

«የመዝገብ ቁጥር?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አላውቀውም።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«ስልሳ ዘጠኝ መጨረሻ። እታገኘሁና የጌታሁን፤ የፍቺ ጉዳይ።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ዓይኔን አየና ቶሎ ወደ ጆንያዎቹ ዞረ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ከአምቦ ተመድቦ የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ጥላሸት ለብሷል።

«እህቴ፣ ይኼን ቤት ባለፈው ዓመት ከባድ መሣሪያ መትቶታል። ከእሳት የተረፈውን ወታደሩ ሻይ አፍልቶበታል፣ ባለሱቁ ስኳር ጠቅልሎበታል። የቀረው ይኸው ነው። የእርስዎን ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። በጣም ይቸኩላሉ?»

«ትንሣኤ ሲደርስ ይገድለኛል። እስከዚያ እታገሣለሁ።»

አልሳቀም። ያለውን አንድ በርጩማ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የጌታሁን የሚባለውን ሰው ያገባሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ሲጠጣ ይመታኛል፣ ሳይጠጣም ይመታኛል። ሁለተኛውን ፅንስ በርግጫ ሲያስወርደኝ አባቴ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ጋብቻውን አፈረሱ፣ ፍርድ ቤቱ ውሳኔያቸውን አጸደቀ፤ እኔም ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። እፎይ ያልኩት ለጥቂት ሳምንት ነው። የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ሲይዝ ከባድ መሣሪያ ቤታችን ላይ ወደቀ፤ አባቴን ደጃፉ ላይ ገደለው፣ ሣጥን ውስጥ ያለው የፍርድ ወረቀቴም አብሮ ነደደ። እናቴንና እኔን ሶማሌዋ ጎረቤታችን ደሃቦ ወደ ቱሊ ጉሌድ መንደር ወስዳ ዘመዶቿ ቤት ደበቀችን። በኋላ የእኛ ጦር ተመልሶ ሲገባ ደግሞ እኛ እሷን ደበቅናት። የደበቅናት ከማን እንደነበር ዛሬም መናገር ያሳፍረኛል።

ሰላም ሆነ ሲባል የጌታሁን፣ ክላሽ አንግቶ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓድ መሪ ሆኖ መጣ። ገበያ መሃል ፀጉሬን ጨብጦ «ሚስቴ ነሽ፤ ለትንሣኤ ዶሮ የምትሠሪው እኔ ቤት ነው» አለኝና በቡጢ ዓይኔን መታኝ። ሰው ሁሉ ያያል፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ከተማ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ስከስስለት ጠረጴዛውን እያየ «የፍቺውን ፍርድ ግልባጭ አምጪና አስቆመዋለሁ። ካላመጣሽ ግን ባልሽ ነው። በባልና ሚስት መካከል ቀበሌ አይገባም» አለኝ። ፍቺዬን ከሚያውቁት ሽማግሌዎች አንዱ በጦርነቱ ሞቷል፣ ሌሎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ዳኛውም አልተመለሰም። ስለዚህ ሕይወቴ አንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ።

«በሉ እንግዲህ አብረን እንፈልግ» አለኝ ደሬሳ። «ሁለት ዓይን ይጨመርልኛል።»

«ዛሬ ያለኝ አንድ ነው።»

አሁን ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቁ አፈረ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ጾሙን በሙሉ ከእሱ ጋር ወረቀት ስንለቅም ከረምን። የመሬቱን ለብቻ፣ የዕዳውን ለብቻ፣ የፍቺውን ለብቻ እያልን በሲባጎ እናስራለን። የሰው ጠብ እንዲህ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዳንዴ አንድ ገጽ ላይ ሁለታችንም እናጎነብስና ትንፋሹ ጉንጬን ይነካኛል፤ ያን ጊዜ ማንም አያነብም። የእኔ መዝገብ ግን የለም።

አንድ ቀን ከጆንያው ሥር የተጣበቀ እሽግ አወጣሁ። ለማላቀቅ ስታገል ጣቴ ጠቆረ። ደም ነው፤ የደረቀ የሰው ደም። የፍርድ ቤቱ ዘበኛ በጦርነቱ እዚያው መዝገብ ላይ ተደፍቶ መሞቱን ሰምቼ ነበር። አባቴ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ቀን ፊቴ ድቅን አለ። ደሬሳ እሽጉን ቀስ ብሎ ተቀበለኝ፤ ጣቶቼንም በሸሚዙ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገልኝ።

«አይዞሽ፤ አይዞሽ እታገኘሁ» አለኝ።

አንቱታው የቀረው ያን ቀን ነው። ሁለታችንም ልብ ብለናል።

ደሃቦ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም።

«አባዮ» አለችኝ ስወጣ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ያ ልጅ ወረቀት አይደለም የሚያየው። ወላሂ፣ ትናንት ወተቴን ከፍሎ ሳይጠጣው ሄደ።»

«መዝገብ ሲፈልግ ረስቶት ነው።»

«እሺ፤ መዝገብ ነው» አለችና እስክታለቅስ ሳቀችብኝ።

ደሃቦ ያየችውን ሌላም ሰው አይቶታል። በሰሞነ ሕማማት ሰኞ ጠዋት የጌታሁን፣ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ፣ መዝገብ ቤቱን በእግሩ በርግዶ ገባ።

«ሚስቴን ወረቀት ውስጥ ደብቀህ ትስማታለህ አሉ!»

«ጓድ፣ እዚህ ፍርድ ቤት ነው» አለ ደሬሳ ተነስቶ። ከእኔ ፊትም አልተነቃነቀም።

የጌታሁን የደሬሳን አፍ በሰደፍ መታው። ስጮህ አንደኛው ታጣቂ በክርኑ አንገቴን አነቀኝ። ደሬሳን ከወደቀበት ጎትተው አነሱት፣ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«የምትጽፈው በዚህ ነው?» አለው የጌታሁን፤ ሰደፉንም ቁልቁል አወረደው። አጥንቱ ሲደቅ ሰማሁት። ደገመው። «ፍርድ፣ ፍርድ ትላላችሁ! እኔ ያን ፍርድ መቼ ተቀበልኩ? ሐረር ድረስ ይግባኝ ብዬበታለሁ! ሰምተሻል? ይግባኝ ያለ ሰው ሚስቱ ሚስቱ ናት! እሑድ እወስድሻለሁ።»

ጠረጴዛውን ገልብጦ ወጣ። ደሬሳ መሬት ላይ ተዘርሮ ነበር፤ እጁ ከእጅነት ወጥቷል፣ ከአፉ ደም ይወርዳል። ጭንቅላቱን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። እየሳቀ ነው። ከሕመሙ ብዛት አእምሮውን የሳተ መሰለኝ።

«ይግባኝ ብሏል» አለኝ ደም እየተፋ። «እታገኘሁ፣ ይግባኝ ብሏል! ለምን አልነገርሽኝም?»

«አላውቅም ነበር፤ መጥሪያ አልደረሰኝም። ቢልስ ምን ይጠቅመኛል?»

«ይግባኝ ሲባል የበላዩ ፍርድ ቤት ዋናውን መዝገብ ያስቀርባል። ያንቺ መዝገብ ጦርነቱ ሳይመጣ ከጅጅጋ ወጥቷል። እዚህ ጆንያ ውስጥ አልነበረም።» ዓይኑን ጨፈነ። «እሱ ራሱ አትርፎልሻል።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነዋ የለፋነው!»

«እኔ በከንቱ አልለፋሁም» አለኝ።

እዚያው ደሙ ላይ አለቀስኩ።

ሐኪም ቤት እጁን በእንጨት ደግፈው አሰሩለት፤ እንዳይነቃነቅም አዘዙት። እሱ ግን በማግስቱ የሐረር ኮንቮይ ላይ ከእኔ ጋር ተሳፈረ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብል ወይ ፍንክች አለ። ካራማራን ስንወጣ ከፊታችን ያለው መኪና ፈንጂ ረገጠ። መሬቱ ተነሳ፤ ቀጥሎ ከተራራው ላይ የሽምቅ ተዋጊዎች ተኩስ ወረደብን። አጠገቤ የነበረው ወታደር ብስኩት እየበላ ነበር፤ ብስኩቱን እንደያዘ ግንባሩን ተመታ። ደሬሳ በደኅናው እጁ ጎትቶ ቦይ ውስጥ ጣለኝና ላዬ ላይ ተኛ። ድንጋዩ ይረግፍብናል፣ የቆሰለ ሰው እናቱን ይጠራል።

«እወድሻለሁ» አለኝ ጆሮዬ ሥር።

«አሁን ነው እንዴ የሚባለው?»

«ሌላ ጊዜ ካላገኘሁስ?»

«እኔም እወድሃለሁ። ክርንህን ብቻ ከጎድኔ አንሳልኝ።»

ተኩሱ በረደ። ሙታኑን ጭነን፣ ከእነሱው ጋር ተጠጋግተን ተቀምጠን ሐረር ገባን።

መዝገቡ ሐረር ነበር። ልክ ደሬሳ እንዳለው፣ በሲባጎ ታስሮ፣ አቧራ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ማመልከቻ አስገባን፣ ቴምብር ለጠፍን፣ ጸሐፊዋ በታይፕ እስክትመታልን ደጅ ጠበቅን። «ይግባኝ ባይ ስላልቀረበ ተዘግቷል፤ የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸንቷል» ይላል የመጨረሻው ገጽ። ከዚያ በላይ፣ በሽማግሌዎቹ ውሳኔ ሥር፣ የአባቴ ፊርማ አለ። አባቴ ሞቶ፣ ቤቱ ነድዶ፣ ፊርማው ሐረር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ማኅተሙን ሲመቱ ድምፁ ተኩስ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«ከአንድ በላይ አስወጪ» አለኝ ደሬሳ። «ሰውዬውን ታውቂዋለሽ።»

ጅጅጋ የተመለስነው ቅዳም ሥዑር ነው። በቀጥታ ቀበሌ ሄድን፤ ደሃቦም ወተቷን ጥላ ተከተለችን። ከተማ ግልባጩን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። የጌታሁንም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከተማ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ የጌታሁን፣ ሚስትህ አይደለችም። ማኅተም አለው» አለ። በዕድሜው ትልቁን ድፍረት የደፈረ ይመስለኛል።

የጌታሁን ወረቀቱን ነጠቀው፣ ቀደደው፣ ቁርጥራጩን አፉ ውስጥ ጎስሮ እያየኝ አኘከው።

«ዋጠው» አልኩት። «ወረቀት ጾም አያስገድፍም።»

ደሃቦ ከሻሿ ሥር ሌላውን ግልባጭ አውጥታ ከተማ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የጌታሁን ያን ጊዜ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ወደ ደረቴ አዞረው። ደሬሳ በታሰረው እጁ አፈሙዙን መታው፤ የእሱና የከተማ ጩኸት ከተኩሱ ጋር አንድ ላይ ወጣ። ጥይቱ ከወለሉ ነጥሮ የከተማን እግር መትቶት ነበር።

የቀረውን ነገር ጦር ፖሊስ ጨረሰው። የጌታሁንን ትጥቁን አስፈትተው እየደበደቡ ወሰዱት፤ በኋላ ሰሜን ግንባር ተላከ ሲሉ ሰማሁ፤ አልተመለሰም። ለእኔ ዓይን ያልቆመ ቀበሌ ለገዛ እግሩ ቆመ። ቂም የለኝም፤ ከተማ ሰርጋችን ላይ እያነከሰ መጥቶ ከሁሉም በላይ ጨፍሯል።

ጋብቻችንን ስንፈርም ደሬሳ በግራ እጁ ነው የፈረመው። የቀኙ ጣቶች እንደተጣመሙ ቀሩ። ፊርማው የዶሮ ጫር ጫር ይመስላል ብዬ ስቄበታለሁ፤ ስስቅም አልቅሻለሁ። እሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ «አንድ ግልባጭ ሐረር ይቀመጥ» አለ።

ዓመታት አለፉ፣ ልጆች ወለድን። በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ወደቀ ሲባል ወታደሩ ተበተነ፤ ጅጅጋም በተኩስ ታመሰች። የፍርድ ቤቱ በር ተሰበረ፤ ጠረጴዛውን ለእንጨቱ፣ ቆርቆሮውን ለጣሪያ እያሉ ዘራፊዎች ወሰዱት። መዝገቡን የሚፈልገው ስላልነበረ ንፋስ በየመንገዱ በተነው። ደሬሳ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ባዶ ጆንያ አነሳ።

«እብድ ነህ? ይተኩሳሉ እኮ! የእኛው እንደሆነ ሐረር አለ» አልኩት።

«የሌሎቹስ?» አለኝ።

ተቆጣሁ፣ ሰደብኩት፣ በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኩት። እሱ ያቺን የተጣመመች እጁን ጉንጬ ላይ አሳረፈ፤ ድሮ ያበጠው ዓይኔ ሥር። ያን ጊዜ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ልጆቹን ለደሃቦ አስረክቤ ተከተልኩት። ሰው በአንድ ደኅና እጅ ጆንያ ከፍቶ ወረቀት መልቀም አይችልም።

ጥይቱ ከገበያው በኩል ይንጣጣል። አጎንብሰን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየሮጥን ያገኘነውን ሁሉ ለቀምን፤ እኔ ጆንያውን ከፍቼ እይዛለሁ፣ እሱ ይጨምራል። አንዷን ገጽ አንስቼ አየሁ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ባሏን የፈታችበት ፍርድ ነው። አቧራውን አራግፌ ለደሬሳ ሰጠሁት፤ እሱም ከላይ በኩል፣ እንዳይታጠፍ አድርጎ አስቀመጠላት።