ከሬሳው አጠገብ የተደፈነው ጉድጓድ

ቬርነር ሆልስትን በሕይወት ሳለ የሚወደው አልነበረም፤ ሲሞትም ያለቀሰለት የለም። እሁድ ጠዋት በገበሬው በአርቪድ ሙንክ የግጦሽ መስክ ላይ፣ ከጥንቱ የመቃብር ጉብታ ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በገዛ አካፋው ተመቷል። የተቀበረ ጥንታዊ ዕቃ የሚፈልግበት ብረት ጠቋሚ መሣሪያው ከጎኑ ወድቋል፤ የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተር ቲራ ሶነ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ዓይኗን ወደ ሣሩ መለሰች። መስኩ ከጉብታው እስከ አጥሩ ድረስ ተበሳስቷል። ቬርነር ቆፍሮ ያወጣውን አፈር እንዳሻው በትኖታል፤ ጉድጓዶቹም አፋቸውን እንደከፈቱ ቀርተዋል። ከሬሳው ቀኝ እጅ አጠገብ ያለው ግን ተደፍኗል። በሦስት ጎን የተቆረጠው ሣር እንደ ክዳን ተመልሶ ተገጥሟል፤ በጫማም ተረግጧል። ዙሪያው ላይ አንዲት ጓል አልቀረችም። ቲራ የሟቹን ጠቋሚ አንስታ በላዩ አሳለፈችው። መሣሪያው ዝም አለ። የሟቹ ቦርሳም ባዶ ነበር።

«እዚህ ውስጥ የነበረውን ነገር አንድ ሰው ይዞት ሄዷል» አለች ለራሷ።

ይህን እያሰላሰለች ስልኳ ጮኸ። የደወለው ከኮፐንሀገን አለቃዋ ነው።

«ገበሬው በሰው ፊት ‹እገድለዋለሁ› ብሎ ዝቷል አሉ። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የዛተ ሁሉ አይገድልም።»

«ፍልስፍናሽን ተይኝ። በከሰዓቱ መርከብ ላኪልኝ።»

ቦርንሆልም ትንሽ የዴንማርክ ደሴት ናት፤ ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ቲራ የብረት ፈላጊዎቹ ክበብ ስትደርስ ሊቀ መንበሩ ኤይለር ብሌም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ንጹሕ፣ ቁጥብ፣ የሸሚዙን አንገት እስከ ላይ የሚቆልፍ ሰው ነው። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ላይ የክበቡ ደንብ ተሰቅሏል፦ ባለመሬቱን ሳታስፈቅድ አትግባ፤ የተከለለ ቦታ አትንካ፤ ጉድጓድህን ድፈን፤ ያወጣኸውን ቁርጥራጭ ብረት ይዘህ ውጣ። ጥንታዊ ዕቃ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ለሙዚየም ይሰጣል።

«ቬርነር ከዚህ የትኛውን ያከብር ነበር?»

«አንዱንም!» ኤይለር ፊቱ ቀላ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የገበሬ በር እያንኳኳሁ፣ ኮፍያዬን አውልቄ እየለመንኩ ያስፈቀድኩትን መሬት ያ ባለጌ ባንድ ክረምት አበላሸው። አሁን እኛን ሲያዩ ውሻ ይለቁብናል።»

«ስለዚህ ጠሉት።»

«ጠላሁት እንጂ። ያልጠላው ማን አለ? ግን አርቪድ እስከ መግደል ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ምስኪን።»

«አርቪድ ነው ያለዎት ማነው?»

ኤይለር ትከሻውን ነቀነቀ። «አገር የሚያወራውን ነው።»

«እርስዎስ መስኩን መቼ ነው የረገጡት?»

«ካምና ወዲህ፣ አርቪድ ካባረረን ወዲህ፣ ረግጬው አላውቅም። ካልተፈቀደልኝ አልገባም፤ ይህን ማንንም ይጠይቁ።»

ቲራ ከበሩ ጀርባ በምስማር የተንጠለጠለውን የወገብ ከረጢቱን ከፈት አድርጋ አየችው። የጣሳ ክዳን፣ የዛገ ምስማር፣ ቀይ ቀለም ያለበት የታጠፈ ብረት።

«ቆሻሻ ነው» አለ ኤይለር ፈጥኖ። «ለሌላው ጥዬ አልመጣም።»

የሙዚየሙ አርኪዮሎጂስት ሊስቤት ደግሞ እጇን አጣምራ ነው የተቀበለቻት። ቬርነር በተገደለበት በቅዳሜ አመሻሽ ላይ መኪናዋ ከጉብታው አጠገብ ታይቷል።

«አዎ ሄጃለሁ» አለች። «ጉብታው የተከለለ ነው፤ ሌባው እዚያ እንደሚቆፍር ሰምቼ ፎቶ አንስቼ ልከሰው ነበር። መኪናውን ሳይ ፈራሁና ሳልወርድ ተመለስኩ። አሁን እኔን ልትጠረጥሪ ነው?»

«ሁሉንም እጠረጥራለሁ፤ አንቺን ብቻ አይደለም። ክፍት ጉድጓድ ብታገኚ ትደፍኚዋለሽ?»

ሊስቤት እንደ መሳቅ አለች። «ሳልለካ፣ ፎቶ ሳላነሳ አንዲት ጓል አልነካም። ሥራዬ ምን ይመስልሻል?»

«ቬርነርስ ይደፍን ነበር?»

«ቬርነር? በሕይወቱ ደፍኖ አያውቅም። ስትነግሪው ይስቅብሻል።»

ቲራ አርቪድ ሙንክን በረት ሲጠርግ አገኘችው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ለላሞቹ ከእሱ በቀር ሰው የላቸውም። ቀና ብሎም አላያት።

«ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው፣ የሶነ ልጅ?»

«ልጠይቅዎት ነው።»

«እንግዲያው አልገደልኩትም። መሞቱ ግን አላሳዘነኝም፤ ይህንንም ጻፊው።»

«እገድለዋለሁ ብለዋል።»

«ብያለሁ። አምና ጊደሬ እሱ ከፍቶት በሄደው ጉድጓድ ገብታ እግሯ ተሰበረ። በገዛ እጄ ተኩሼ ነው የገላገልኳት። አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር? እግዜር ይስጥልኝ?»

«ታዲያ አሁን ያሉትን ጉድጓዶች ለምን አልደፈኗቸውም?»

«ለምን እደፍናለሁ?» አርቪድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ሰኞ የገበሬ ማኅበሩ መጥቶ ያያቸዋል። ላሞቼን በረት የዘጋሁባቸው ለዚህ ነው። ካዩ በኋላ በዚህ ደሴት መሬቱን ለእነዚህ ሰዎች የሚከፍት አይኖርም። አንዱን ጉድጓድ የነካ ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ።»

ቲራ ስትወጣ ዓይኗ ከበረቱ ጎን በቆመው የትራክተር መከስከሻ ላይ አረፈ። ጥርሶቹ ሁሉ ቀይ ናቸው፤ መሐል ላይ አንዷ ጎድላለች።

«ይቺ የት ሄደች?»

«ያንን መስክ ስከሰክስ ተሰብራ ቀረች፣ ዘንድሮ በሚያዝያ። ብትወድቅ እንድትታየኝ ብዬ በዚያው ሰሞን ነበር ሁሉንም ቀይ የቀባኋቸው። ምን ዋጋ አለው፣ አፈር በላት።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ብትወስጂኝ ላሞቼን ማን ያልባቸዋል? ጎረቤቶቼን ታውቂያቸዋለሽ። ሳይፈረድብኝ ይሸጡብኛል።»

ቲራ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ረዳቷን ወደ ክበቡ ላከችው፤ ሦስቱንም ሰዎች መስኩ ላይ ጠራች።

መርከቡ ሊነሳ ትንሽ ሲቀረው ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል። ቲራ አርቪድን አስፈቅዳ፣ እሱም እያጉረመረመ ፈቅዶላት፣ አዲስ ጉድጓድ ቆፍራ አፈሩን ሣሩ ላይ በትናዋለች። ሦስቱ ዙሪያውን ቆሙ። እርስ በርስ አይተያዩም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሊስቤት። «ገበሬው ይኸው።»

«ምላስሽን ሰብስቢ» አለ አርቪድ።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለች ቲራ። «ቬርነር ሞቶ ሲገኝ የመጨረሻው ጉድጓዱ ተደፍኖ ነበር። እሱ እንዳልደፈነው የታወቀ ነው፤ ልማዱ አይደለም። ስለዚህ የደፈነው ገዳዩ ነው። አርቪድ ቢሆን ኖሮ አይደፍነውም፤ ነገ ለማኅበሩ የሚያሳየው ማስረጃው ነውና። ሊስቤትም ሳትለካ አትነካውም። ታዲያ ሰው ገድሎ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ እንደ መሮጥ፣ ተንበርክኮ አፈር በእጁ የሚለቅም፣ ሣር የሚገጥም ማነው? ይህን ሳያደርግ መሄድ የማይሆንለት ሰው ነው። እጁ የለመደበት።»

ይህን እየተናገረች ዓይኗን ወደ ታች አላወረደችም። ቀጠለች።

«ያ ሰው ከጉድጓዱ የወጣውንም ብረት ይዞ ሄዷል። ወርቅ አልነበረም። ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ ደግሞ ሜዳ ላይ አይጣልም።» ከኪሷ ቀዩን የመከስከሻ ጥርስ አወጣች። «አርቪድ፣ ይህ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ አርቪድ። «ከየት አመጣሽው?»

«ካምና ወዲህ ይህን መሬት አልረገጥኩም ካለኝ ሰው ከረጢት ውስጥ። ጥርሱ የተቀባውም የተሰበረውም ዘንድሮ ነው።» ከዚያ ዝግ ብላ፣ «ኤይለር፣ እስቲ እግርዎን ይዩት» አለች።

ሁሉም ወደ ታች አዩ። ቲራ የቆፈረችው ጉድጓድ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። የኤይለር ጫማ አፈሩን እየገፋ፣ እየገፋ ሳለ ነበር ቀጥ ያለው።

ኤይለር ጫማውን ከአፈሩ ላይ አነሳ። መካዱን አልሞከረም።

«ውጣ ልለው ነው የመጣሁት» አለ። «ማኅበሩ ከማየቱ በፊት እንድፈናቸው፣ አርቪድንም ይቅርታ እንጠይቀው አልኩት። ‹በየበሩ የምትዞር ለማኝ!› አለኝ። ያንን ብረት ከጉድጓዱ አውጥቶ እግሬ ሥር ወረወረልኝ፤ ‹ለቅመህ ብላ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አካፋው እዚያው ተተክሎ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለቀምኩት። ጉድጓዱም ክፍት ነበር፤ ላም ይገባበታል። ሌሎቹንም ልደፍን ስል የመኪና መብራት አየሁና ሄድኩ።»

ሊስቤት አፏን በእጇ ያዘች። የቲራ ረዳት ጠጋ ብሎ የኤይለርን ክንድ ያዘ። አርቪድ ግን መንገዱን ዘግቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ቲራ ይመታዋል ብላ ነበር፤ እጁን እንኳ አላነሳም።

«በረት ለተዘጋባት ላሜ እግር አዘንክ» አለው። «እኔ ግን ዛሬ ከሰዓት እጄን ታስሬ መርከብ ላይ ልወጣ ነበር። ታውቅ ነበር። አፍህን ዘግተህ ልትቀመጥ ነበር።»

አርቪድ ቀዩን ጥርስ ከቲራ እጅ ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ማስረጃ ነው ስትለው ገላመጣት። ከዚያ ምስጋናም ስንብትም ሳይል ወደ በረቱ አዘገመ፤ ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ደርሶ ነበር።