በግድ የተጠጣ አጥሚት

በነቀምቴ ሰፈራችን የምሳ ሰዓት መድረሱ የሚታወቀው በኤባ ለቅሶ ነበር። ኤባ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ድምፁ ሲሰማ ጎረቤቱ "ሊሊሴ ልጇን እያበላች ነው" ብሎ ይስቃል። ለምን ያለቅሳል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የምናበላው እንደዚያው ነውና።

ሊሊሴ ክፉ እናት አይደለችም። ያደገችው አርጆ፣ ከብዙ ወንድሞችና እህቶች ጋር በአንድ ገበታ ነው። በዚያ ቤት ቀስ ብሎ የጎረሰ ጦሙን ያድር ነበር። ስለዚህ በልጇ ኩባያ ውስጥ የተረፈ አጥሚት ያስጨንቃታል። ፊቱን ሲያዞርባት የጠገበ ሳይሆን ሊራብ ያለ ይመስላታል።

አንድ ቀን ባሏ ጨመዳ፣ የዲጋ መስመር ሚኒባስ ሾፌር፣ ለምሳ ቤት ገባ። ሊሊሴ ኤባን ጉልበቷ ላይ አንጋልላዋለች። ጨመዳን ያሳደጉት አክስቱ፣ አዳዳ ቀለሟ፣ የልጁን እጆች ይዘዋል።

"ተይው እንጂ፣ ጠግቧል" አለ ጨመዳ።

"ማን ነገረህ? እሱ እንደሆነ ገና አፉን አልፈታም።"

"አፉን ገጥሞ እየነገረሽ ነው።"

አዳዳ ቀለሟ ሳቁ። "አንተንም እኮ በዚሁ እጄ ነው ያሳደግኩህ። ጥጃ ታክል ነበር። ምን ሆንክ?"

"አጥሚት በሸተተኝ ቁጥር ከቤት እወጣለሁ፣ አዳዳ። ይኸው የልጅ አባት ሆኜ እንኳ ያፍነኛል።"

"ጥጋብ ነው። ልጅ ካልተገደደ አይበላም። በይ ሊሊሴ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

አዳዳ የልጁን አፍንጫ ቆንጥጠው ያዙ። ለመተንፈስ አፉን ሲከፍት ሊሊሴ በመዳፏ የያዘችውን አጥሚት አንቆረቆረችበት። ኤባ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ።

"ይኸው ዋጠ" አሉ አዳዳ።

አልዋጠም። ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ጨመዳ ነጥቆ በክንዱ ላይ በደረቱ አስተኛውና ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን መታው። ምንም የለም። ደግሞ መታው። ሊሊሴ አጥሚት የነካ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። በመጨረሻ ከልጁ አፍ ነጭ ነገር ወጣ፤ ቀጭን ትንፋሽም ተሰማ። ታቅፈውት በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት በረሩ።

አጥሚቱ ሳንባው ገብቶ ነበር። ለቀናት በኦክስጅን ተረድቶ ዳነ። ነርሷ "በምን ነበር የምታበዪው?" ብላ ስትጠይቃት ሊሊሴ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ነርሷ አልተቆጣችም። "የሚበላውን አንቺ ምረጪለት" አለቻት፣ "መጠኑን ግን ለእሱ ተይለት። እየከሳ ከመጣ ወደ እኛ አምጪው።"

ቤት ሲመለሱ ሊሊሴ ተቀቅሎ በቅቤ የታሸ የአንጮቴ ሥር በሳህን አድርጋ ፊቱ አስቀመጠች። ኤባ ሳህኑን ሲያይ አፉን ገጠመ። በሁለት እጁም አፍንጫውን ሸፈነ።

አዳዳ ቀለሟ እጃቸውን ወደ ልጁ ሲሰዱ ሊሊሴ ያዘቻቸው።

"ይተዉት፣ አዳዳ።"

"በባዶ ሆዱ ሊውል ነው?"

"እኔ ምግብ አጥቼ አደግኩ። እሱን ደግሞ ምግብ እንዲፈራ አደረግኩት።"

አዳዳ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ከምግብ ጋር የሚተዋወቀው ገና በሕፃንነቱ ነው። ያን ጊዜ በፍርሃት ካስተዋወቅነው ፍርሃቱ አብሮት ያድጋል። የእኛን የልጅነት ረሃብ በልጆቻችን ሆድ ልናስታግሰው አንችልም።

ሊሊሴ እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። ብዙ ቆይቶ ኤባ አንድ እጁን ከአፍንጫው አነሳ። አንጮቴውን በጣቱ ነካ አድርጎ ላሰው፤ ጥቂት ደገመና ሳህኑን ገፋው። ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ሊሊሴ የተረፈውን አየች፤ ልጇንም አየች።

"ጠገብክ?" አለችውና ሳህኑን አነሳች።