የሠርጉ ስኳር

«ይኸው! የልጄ የአገሬ ሠርግ ስኳር!» አለች የፋንታነሽ እናት ጣቷን ወደ መስታወቱ ቱቦ ቀስራ።

በቱቦው ውስጥ ያለው የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ ከትንሽ ጊዜ በፊት ሰማያዊ ነበር። የሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ኃይለ ሚካኤል ከፋንታነሽ ሽንት ስምንት ጠብታ ጨምሮበት በአልኮል ኩራዝ ላይ ሲያፈላው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ። አሁን የጡብ መልክ ይዟል።

«ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ ይኼ ከጣሳችሁ የጎደለው ስኳር አይደለም» አለ ድሬሰሩ። «የምትበላው እንጀራም ሆዷ ውስጥ ስኳር ይሆናል። ሰውነቷ ሊጠቀምበት ስላልቻለ በሽንቷ ይወጣል።»

«እኛ ቤት እንጀራ የማይበላ ማን አለ? ታዲያ ለምን እሷ ብቻ?»

ድሬሰሩ ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አቆመ። «እሱን አላውቅም» አለ።

ፋንታነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነበር። የዕለቱን የኢንሱሊን መርፌ ክንዷ ላይ የተወጋችው ገና አሁን ነው። ሁልጊዜም ሲወጋት ግድግዳውን ታያለች፤ ክንዱ የሌላ ሰው ይመስል። ራሷን መውጋት እንድትችል መርፌ እየሰካች እንድትለማመድበት ድሬሰሩ በመጀመሪያው ቀን ያመጣላት ሎሚ ጠረጴዛው ላይ ደርቋል። ያን ቀን «የእኔ ሥራ አይደለም» ብላው ነበር።

ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢቸና አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ወደቀች። ጠዋት የተቀዳ እንስራ ውሃ እስከ ማታ ጠጥታ ትጨርስ ነበር ይላሉ። ከቢቸና ስትመለስ የበሽታዋ ስም ቀድሟት ሞጣ ገብቶ ነበር።

ስሙ ነው ነገሩን ያበላሸው። አባቷ በጥር ለሚሆነው ለእኅቷ ለአገሬ ሠርግ ብሎ ከደብረ ማርቆስ አንድ ጣሳ ሙሉ ስኳር አምጥቶ ነበር። ጳጉሜ ላይ ጣሳው ሲከፈት ግማሹ የለም። እናቷ መጀመሪያ አይጥ ናት አለች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ክዳን መልሳ የምትገጥም አይጥ እንደማታውቅ ተናገረች። «ስኳር በሽታ» የሚለው ወሬ ሲደርሳት ግን ሌባዋ ፋንታነሽ ናት ብላ መፈለጓን ተወች።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ትናንት አንዱ «ፋንታነሽ፣ እስቲ ጣትሽን ሻያችን ውስጥ ንከሪልን!» ብሎ ሲያስቅባት፣ ጣቷን አፍንጫው ሥር ቀስራ «ና፣ አፍህን ክፈት!» አለችው። ልጁ ሸሸ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እጇን ኪሷ ውስጥ ደብቃ ዋለች።

ምክንያቱም ከጣሳው አንድ ማንኪያ በልታለች።

የአክስቷ ልጅ ውበቴ እነሱ ቤት እየኖረች ትማራለች። ቢቸና ሽማግሌ ተልኮባት ስለ ነበር የፋንታነሽ አባት ነው «ትማር» ብሎ ያመጣት። በነሐሴ አንድ ቀን ፋንታነሽ ጓዳ ስትገባ ውበቴ ስኳሩን በበሶ እየለወሰች ትበላለች። ውበቴ ደነገጠች፤ ወዲያው አንድ ማንኪያ ሙሉ ስኳር ዘግና አጎረሰቻት። ከዚያ «ለማንም ላትነግሪ በጊዮርጊስ ማይልኝ። ከሰሙ ወደ ቢቸና ይመልሱኛል፤ ሽማግሌ ለላከው ሰውዬ ይድሩኛል» አለቻት። ፋንታነሽ አፏ ስኳር እንደ ሞላ ማለች።

ከቢቸና ከተመለሰች ወዲህ ያ ማንኪያ ከሐሳቧ አልወጣም። እሱ ይሆን? ግን ግማሽ ጣሳ የበላችው ውበቴ ይኸው ገመድ ትዘላለች። ደጋግማ አሰበችው፤ ነገሩ አልገጥም አላት።

ከግድግዳው ዞረች። ውበቴ የሁለቱንም ደብተር አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ አንቺ ስኳር ብዪና የአንቺም ሽንት ይታይ» አለች ፋንታነሽ።

«ምን?»

«ከጣሳው ሦስት ማንኪያ። ስኳር የበላ ሰው ሽንት የሚቀላ ከሆነ የአንቺም ይቅላ።»

«አቤት ጉድ! መርፌው አሳበዳት እንዴ?»

«ፈራሽ?»

እናቷ ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ ወለተ ሐና? ስኳር ልፈራ?» ብላ ወጣች።

ፋንታነሽና ውበቴ ከትምህርት ቤት ለምሳ ተለቀው ሲመጡ እናቷ ቀድማ ደርሳለች። «አራት ነው የበላሁት፤ ኋላ አነሰ እንዳትሉ» አለች ለድሬሰሩ። «አሁንም ጥርሴን ይዞኛል።»

ድሬሰሩ ከእናቷ ሽንት አዲስ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ስምንት ጠብታ ቆጠረ። ኩራዙን ለኮሰ። ሁሉም ዐይን ቱቦው ላይ ሆነ። ፈሳሹ ፈላ፣ ተንደቀደቀ፣ ጸጥ አለ።

ሰማያዊ ነው።

«እንደገና አፍላው» አለች እናቷ።

እንደገና አፈላው። ሰማያዊ።

ፋንታነሽ ማንኪያዎቹን በልቧ ቆጠረች። አራት ማንኪያ ይኸው ሰማያዊ ነው። የእሷ አንድ ነበር።

እናቷ ከሰማያዊው ቱቦ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ ቱቦው ተመላለሰች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሊለሰልስ ጀምሮ ነበር፤ ግን ድንገት ቀና አለች። «ታዲያ ያን ሁሉ ስኳር ማን በላው?»

ከበሩ በኩል ደብተር ወደቀ።

«አንዱን ማንኪያ እኔ በልቻለሁ» አለች ፋንታነሽ። «ለእሱ የፈለግሽውን ቅጪኝ። በሽታዬን ግን በእሱ አታሳቢብኝ። ከየት እንደ መጣ ጋሼ ኃይለ ሚካኤልም አያውቁም፤ አንቺም አታውቂም።»

«የቀረውንስ?»

«የተናገርኩት ስለ ራሴ ነው። የቀረውን የበላ ሰው አፍ አለው።»

እናቷ አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና እጇን የልጇ ክንድ ላይ፣ ጠዋት መርፌው በገባበት አጠገብ አኖረች። ፋንታነሽ የእናቷን እጅ ትንሽ ጊዜ እዚያው ተወችው፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ጋሼ፣ ነገ ራሴን የምወጋው እኔ ነኝ። ዛሬ ያሳዩኝ።»

ድሬሰሩ ከተቀቀሉት መርፌዎች አንዱን በመቆንጠጫ አወጣ። ፋንታነሽ የደረቀውን ሎሚ አነሣችና በጣቷ ጫን አለችው። እንደ ድንጋይ ሆኗል።

«ውበቴ» አለች። «ገበያ ሩጪና አንድ ሎሚ አምጪልኝ። ለስላሳ ይሁን።»

ውበቴ ደብተሩን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራገፈች። ዐይኗ ቀልቷል። «አሁን?»

«አሁን። ስትመለሺ ደግሞ በሩ ላይ አትቁሚ፤ ግቢ።»

የሩጫዋ ድምፅ በጠጠሩ ላይ ራቀ። ፋንታነሽ መርፌውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሣችው። እስከ ዛሬ ጫፉን አይታው አታውቅም ነበር።